ከኬላው ማዶ

ቪየና መሀል ከተማ፣ ሾተንቶር ከሚባለው ጣቢያ 38 ቁጥር ትራም የተሳፈረ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ግሪንዚንግ ይደርሳል። እዚያ ቤቶቹ ዝቅ ይላሉ፣ መንገዱ ይጠብባል፣ ከጓሮዎቹ ጀርባ የወይን ተክል በረድፍ በረድፍ ወደ ኮረብታው ይወጣል። ወደ ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ የሚኖርባት ዋና ከተማ በራሷ ክልል ውስጥ ወደ 600 ሄክታር የሚጠጋ የወይን እርሻ ይዛ መኖሯ በዓለም ዋና ከተሞች ዘንድ ብርቅ ነው። ግሪንዚንግ፣ ኑስዶርፍ፣ ሃይሊገንሽታት፣ ዚቨሪንግ፣ ኖይሽቲፍት፣ ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ደግሞ ሽታመርስዶርፍ፦ እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ቤተ ክርስቲያንና አደባባይ ያላቸው የወይን ገበሬ መንደሮች ነበሩ። ዛሬም ሲታዩ መንደር ናቸው።

የቪየና ሰው ሥራ ሲያደክመው፣ ቤቱ ሲጠበው፣ ወይም ከወዳጁ ጋር ረጋ ብሎ መጨዋወት ሲያምረው ወደዚያ ይወጣል። ይህን ልማድ ካበጀ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መሄዱ አያስገርምም። የሚያስገርመኝ የሚሄድበት ቦታ እስካሁን መኖሩ ነው። የፓሪስ ዙሪያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ ታላላቅ የወይን አገሮች አንዱ ነበር፤ ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ግን ያ ሁሉ እርሻ ከቤትና ከፋብሪካ ሥር ገባ። ቪየና ውስጥ ያልጠፋው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ታሪኩን ከሥሩ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይኑ ከከተማዋ ይቀድማል። ሮማውያን በዳኑብ ዳር ቪንዶቦና የተባለውን የጦር ሰፈር ከመሥራታቸው በፊት በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ኬልቶች ወይን ያውቁ ነበር። ከአልፕስ ተራሮች በስተሰሜን ወይን በሰፊው እንዲተከል የፈቀደው ከ276 እስከ 282 የነገሠው ንጉሠ ነገሥት ፕሮቡስ ነው ይባላል። ሮማውያን ሲወጡ ተክሉ ቀረ። እርሻውን እንደገና ሥርዓት ያስያዙት መነኮሳት ናቸው። በ1114 የባቤንበርግ መስፍን ሊዮፖልድ 3ኛ ከቪየና በስተሰሜን የክሎስተርኖይቡርግን ገዳም መሠረተ፤ ገዳሙ እስከ ዛሬ ከኦስትሪያ ትልልቅ የወይን እርሻ ባለቤቶች አንዱ ነው። በየመንደሩ የመጭመቂያና የጓዳ ግቢ የሠሩ ሌሎች ገዳማትም ነበሩ። ገበሬው ያርሳል፣ ይገርዛል፣ ይለቅማል፤ ከምርቱ ድርሻውን ለገዳሙ ወይም ለባላባቱ ያስገባል።

በመካከለኛው ዘመን ቪየና የምትተዳደረው በወይን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተክሉ በቅጥሩ ዙሪያ ብቻ ሳይሆን በቅጥሩ ውስጥም ይበቅል ነበር፤ ከከተማዋ ቤቶች ሥር የተቆፈሩት ጥልቅ ምድር ቤቶች በበርሜል የተሞሉ ነበሩ። ዘመኑ መልካም ሲሆን ምርቱ ማስቀመጫ እስኪጠፋለት ይበዛል፤ ሲከፋ ደግሞ ወይኑ ሳይበስል ይቀርና ጠጁ ከንፈር የሚያኮማትር ይሆናል። በ1450 ገደማ እንዲህ ያለ ክፉ ምርት መጥቶ ሕዝቡ አልጠጣም ብሎ መንገድ ላይ መድፋት ሲጀምር፣ ንጉሥ ፍሪድሪኽ 3ኛ ወይን ጠጁ በከንቱ ከሚፈስ ለቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ሰሜናዊ ማማ ኖራ ማቡኪያ ይሁን ብሎ አዘዘ ይባላል። ቪየናውያን ይህን ታሪክ ዛሬም ለልጆቻቸው ያወሩታል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ እሳት መጣ። በ1529 መኸር ሡልጣን ሱሌይማን ቪየናን ሲከብ ከቅጥሩ ውጭ ያሉት መንደሮች መከላከያ አልነበራቸውም፤ ተቃጠሉ፣ ሕዝባቸው ተገደለ፣ ተማረከ። ገበሬዎቹ ተመልሰው ተከሉ። ወይን ደግሞ እንደ ስንዴ በዓመቱ አይደርስም፤ ከተተከለ በኋላ የሚለቀም ዘለላ ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል፣ ሙሉ ምርት ለመስጠት ከዚያ በላይ። መንደሮቹ ካገገሙ በኋላ በሐምሌ 1683 ካራ ሙስጠፋ ፓሻ ሁለተኛውን ከበባ ጀመረ። ከተማዋ ሁለት ወር ታፈነች።

መስከረም 12 ቀን 1683 ጠዋት የፖላንዱ ንጉሥ ያን ሶቢዬስኪና የጀርመን መሳፍንት ጦር ከካህለንበርግ ኮረብታ ቁልቁል ወረደ። የወረደው በወይን እርሻ መሀል ነው። እርከኑን የያዙት የድንጋይ ካቦች፣ ጎድጓዳ የእርሻ መንገዶች፣ የመንደር ግቢዎች፣ ሁሉም ምሽግ ሆኑ፤ እግረኛው ጦር ኑስዶርፍንና ሃይሊገንሽታትን ግቢ በግቢ እየተዋጋ ያዘ። ማምሻውን ከበባው ተሰበረ። የአውሮፓ ታሪክ መጻሕፍት ያን ቀን በድል ይዘግቡታል። ለወይን ገበሬዎቹ ግን ቀኑ የመከር ወቅት ዋዜማ ነበር፤ የሚለቀም ነገር አልነበራቸውም፣ ብዙዎቹም ለመልቀም አልተረፉም። በዚህ የተነሣ በቀጣዮቹ ዓመታት በቪየና ቢራ ጉልበት አገኘ።

በ1704 ደግሞ ከሀንጋሪ የተነሡትን የኩሩጽ ዓማፅያን ለመከላከል ከዋናው ቅጥር ውጭ፣ በዳር ሰፈሮቹ ዙሪያ፣ አንድ ተጨማሪ የአፈር ግንብ ተሠራ። ስሙ ሊኒየንቫል ነው። የወይን መንደሮቹ በሙሉ ከዚህ ግንብ ውጭ ቀሩ። ግንቡ ለጦርነት የጠቀመው ጥቂት ጊዜ ነው፤ በሮቹ ቀስ በቀስ ኬላ ሆኑ፤ ወደ ከተማ የሚገባ ዕቃ ሁሉ እዚያ ቆሞ ቀረጥ ይከፍል ጀመር። ይህን ኬላ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የታሪኩ ግማሽ በእሱ ላይ የቆመ ነው።

የቀረው ግማሽ የአንድ ንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ነው። ዮሴፍ 2ኛ፣ የማርያ ቴሬዛ ልጅ፣ በቤተ መንግሥት ሰዎች ዘንድ ያልተወደደ ትጉህ ሰው ነበር። በ1766 የንጉሣውያን የአደን ቦታ የነበረውን ፕራተር የሚባለውን ሰፊ ጫካ ለሕዝብ ከፈተ፤ በ1775 አውጋርተን የተባለውን የአትክልት ቦታ ጨመረ። ለሕዝብ አየርና ዛፍ እንደሚያስፈልግ የተረዳ ገዢ በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም። ከግዛቱ ደቡብ፣ ዛሬ ጣሊያንና ስሎቬኒያ ከሚዋሰኑበት ከጎሪዚያ፣ አንድ አቤቱታ ደረሰው፤ ገበሬዎች ባላባታችን የራሱን ወይን ጠጅ ብቻ እንድንሸጥ ያስገድደናል አሉ። ዮሴፍ ነሐሴ 17 ቀን 1784 መልሱን ሰጠ። መልሱ ለጎሪዚያ ብቻ አልሆነም፦ ማንኛውም ሰው ራሱ ያመረተውን ምግብ፣ ወይን ጠጅና የፍራፍሬ ጭማቂ በዓመቱ በማንኛውም ጊዜ፣ በፈለገው ዋጋ መሸጥ ይችላል የሚል ነው።

በዚህ አጭር ድንጋጌ ውስጥ ክብደቱ ያለው «ራሱ ያመረተውን» የሚለው ላይ ነው። ገበሬው ከሌላ ሰው ገዝቶ ቢሸጥ ባለ መጠጥ ቤት ይሆናልና ፈቃድም ግብርም ይጠየቃል፤ የራሱን ከሸጠ ግን ነፃ ነው። ስለዚህ ለመሸጥ ማረስ ነበረበት። በግቢው ዛፍ ሥር ረጅም ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር አወጣ፤ ጠጁ ሲደርስ ከበሩ በላይ በዘንግ ጫፍ የጥድ ቅርንጫፍ ሰቀለ፤ በርሜሉ ሲያልቅ አወረደው። በእኛ አገር ገጠር በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ ጠላዋ መድረሱን ለመንገደኛ የምታሳውቅ ሴት ያን ቅርንጫፍ ብታይ ትርጉሙን ማንም ሳይነግራት ትረዳው ነበር። ጎብኚው ምግቡን ከቤቱ ቋጥሮ ይመጣ ነበር፤ ዳቦ፣ አይብ፣ የቀዘቀዘ ሥጋ። ከገበሬው የሚገዛው ወይን ጠጅ ብቻ ነበር። ቤቱንም በቤቱ የሚቀዳውን የዘንድሮ ጠጅም ሆይሪገር ይሉታል።

ዮሴፍ በ1790 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በሀንጋሪ ያወጣቸውን አብዛኞቹን ድንጋጌዎች ራሱ ሻረ፤ ብዙ ሕልሙም ከእሱ ጋር ተቀበረ። ይህች ትንሽ የገበሬ መብት ግን ተረፈች። በእኔ ፍርድ ከሥራዎቹ ሁሉ ለተራው ሰው ሕይወት ከቀረቡት አንዷ ናት፤ ገበሬው መሬቱን ሳይሸጥ ከከተማ ገንዘብ ተቋዳሽ የሚሆንበትን በር የከፈተችው እሷ ነበረች።

ወደነዚህ መንደሮች ጸጥታ ፈልገው ከወጡት ሁሉ ስሙ የታወቀው አንድ የ31 ዓመት ሙዚቀኛ ነው። ሉድቪግ ፋን ቤትሆቨን በ1802 ጸደይ ወደ ሃይሊገንሽታት የሄደው ዶክተሩ ዮሐን አዳም ሽሚት መክሮት ነው። ጆሮው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እየከዳው ነበር፤ ሐኪሙ ከከተማ ጫጫታ ርቆ ቢያሳርፈው ይሻለው ይሆናል ብሎ አሰበ። መንደሯ በዚያን ጊዜ የማዕድን ውሃ መታጠቢያም ነበራት። ቤትሆቨን እስከ መኸር ተቀመጠ። ጆሮው አልዳነም። ጥቅምት 6 ቀን ለሁለት ወንድሞቹ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ፤ በ10 ደግሞ ጨመረበት፤ ግን አልላከውም። አብሮት የሚሄድ ሰው ከሩቅ ዋሽንት ሲሰማ፣ እረኛ ሲዘፍን ሲሰማ፣ እሱ ምንም አለመስማቱ ሕይወቱን ሊያጠፋ እስኪያስብ እንዳዋረደው፣ የያዘው ሙያው ብቻ እንደሆነ ጻፈ። ደብዳቤው የተገኘው በ1827 ከሞተ በኋላ በወረቀቶቹ መሀል ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ጸጥ ያለ መንደር ለደከመ ሰው መድኃኒት ነው የሚለው ንግግር በብዙ አገር ይባላል፤ ሃይሊገንሽታት ቤትሆቨንን አላዳነችውም። የሰጠችው ሌላ ነገር ነው። በከተማው ግርግር ውስጥ ሊሸሸው የቻለውን እውነት እዚያ ፊት ለፊት አየው፤ ካየው በኋላም ወደ ሥራው ተመለሰ። ደግሞም ያን ቦታ አልጠላውም፤ በ1808 በጋ እንደገና ሄደ። በዚያ ጊዜ ስድስተኛውን ሲምፎኒ፣ የገጠሩን ሲምፎኒ፣ እየጨረሰ ነበር። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ የወንዝ ዳር ትዕይንት አለ፤ በመጨረሻው ላይ ዋሽንቱ በሌሊት የምትዘምረውን ወፍ ናይቲንጌልን፣ ኦቦው ድርጭትን፣ ክላርኔቱ ኩኩን ያሰማል። በኑስዶርፍና በሃይሊገንሽታት መሀል ሽራይበርባኽ የምትባል ጅረት ትወርዳለች፤ በዳርዋ የሚሄደው የእግር መንገድ ዛሬ በቤትሆቨን ስም ይጠራል። ወፎቹን በጆሮው መስማት ያቃተው ሰው ከዚያ ሸለቆ ተነሥቶ ለዓለም ማሰማቱን ሳስብ አሁንም ልቤ ይነካል። በ1817 ደግሞ በሃይሊገንሽታት ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ላይ ባለ አንድ የወይን ገበሬ ቤት ለጥቂት ጊዜ ተከራየ፤ ቤቱ ዛሬም ሆይሪገር ነው።

ኬላውን አሁን እናምጣ። በ1829 መንግሥት በምግብና በመጠጥ ላይ አዲስ የፍጆታ ግብር ጣለ፤ የሚሰበሰበውም በሊኒየንቫል በሮች ነበር። ከግሪንዚንግ ተጭኖ ወደ ከተማ የገባ በርሜል ቀረጡ ተጨምሮበት ይሸጣል፤ እዚያው ግሪንዚንግ ላይ የተጠጣ ግን አይከፈልበትም። ስለዚህ ጠጁ ወደ ሰው ከሚሄድ ሰው ወደ ጠጁ ሄደ። የእጅ ባለሙያው፣ ልብስ ሰፊው፣ የሠረገላ ነጂው፣ እሑድ እሑድ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ በሩን አልፎ ወጣ። ሲወጣ ግብር ለመሸሽ ነበር፤ ልማድ ከሆነ በኋላ ግን አየሩ፣ ጥላውና ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጡ ራሱ ምክንያት ሆነ። የመንግሥት ግምጃ ቤት ሳያስበው ለድሃው የእረፍት ቀን አበጀለት።

እረፍቱም ያስፈልገው ነበር። በ1857 ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ የመሀል ከተማው ቅጥር እንዲፈርስ አዘዘ፤ በቦታው ታላቁ የሪንግ ጎዳና ከነቤተ መንግሥቶቹ ተሠራ። የፋብሪካ ሠራተኛው ግን በዳር ሰፈር ጠባብ ክፍል ውስጥ ታጭቆ ይኖር ነበር። ቤት መከራየት ያልቻለ አልጋ ይከራያል፤ አንዱ ለሌሊት ሥራ ሲወጣ ሌላው በተነሣው አልጋ ላይ ይተኛል። የሳንባ ነቀርሳ በከተማዋ እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ በሌላ አገር የቪየና በሽታ እየተባለ ይጠራ ነበር። ለዚህ ሕዝብ ኮረብታው ላይ የሚያልፍ አንድ እሑድ ቅንጦት አልነበረም።

ያ ኮረብታ በ1870 ሊሸጥ ነበር። ኦስትሪያ በ1866 በፕሩሲያ ከተሸነፈች በኋላ ግምጃ ቤቷ ተራቁቶ ነበርና ከወይን መንደሮቹ በላይ ያለው የቪየና ደን ሰፊ ክፍል ተቆርጦ እንዲሸጥ ታቀደ። ዮሴፍ ሼፈል የተባለ ከጦር ሠራዊት የወጣ ጋዜጠኛ ነገሩን ያዘ። ሁለት ዓመት ሙሉ በጋዜጣ ጻፈ፤ ውሉን፣ ዋጋውን፣ ከእንጨት ነጋዴው ጋር የተደረገውን ስምምነት አጋለጠ። ማስፈራሪያውም ክሱም አላስቆመውም። በ1872 መንግሥት ዕቅዱን ተወ። ሼፈል በኋላ የሜድሊንግ ከተማ ከንቲባ ሆነ። ዛሬ በዚያ ደን ጥላ ሥር የሚሄድ ሰው ሁሉ የዚህ ሰው ባለዕዳ ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

በዚያው 1872 ሌላ ጠላት መጣ፤ ይኸኛው በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ነው። ፊሎክሴራ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ፣ የወይንን ሥር እየመጠጠ የሚያደርቅ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። በኦስትሪያ መጀመሪያ የታየው በክሎስተርኖይቡርግ ነው፤ በ1860 ከተመሠረተው የወይን ትምህርትና ምርምር ቤት ለሙከራ ከመጣ የአሜሪካ ተክል ጋር ገባ ተብሎ ይታመናል። መፍትሔውም ከዚያው ከአሜሪካ መጣ፤ የአውሮፓው ወይን ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ግንድ ላይ ተዳቀለ። ይህ ማለት ግን አሮጌውን ሁሉ ነቅሎ እንደ አዲስ መትከል ነው፤ አቅም ያነሰው ገበሬ መሬቱን ለቤት ሠሪ ሸጦ ወጣ።

መንገዱ እየቀለለ የሄደውም በዚህ ጊዜ ነው። በ1874 ከኑስዶርፍ ተነሥቶ ካህለንበርግ ጫፍ የሚደርስ፣ በጥርስ ሐዲድ የሚወጣ ባቡር ተከፈተ፤ በኦስትሪያ የመጀመሪያው ነበር። ባቡሩ ሰውን አመጣ፣ ሰው ሙዚቃን ጠራ። በ1878 ዮሐንና ዮሴፍ ሽራመል የተባሉ ወንድማማቾች፣ ሁለቱም በኮንሰርቫቶሪ የተማሩ ቫዮሊን ተጫዋቾች፣ ከባለ ጊታሩ አንቶን ሽትሮማየር ጋር ሆነው በኑስዶርፍ ሆይሪገሮች መጫወት ጀመሩ። በ1884 ጌኦርግ ዴንትሰር ትንሽዋን፣ ድምፅዋ ቀጭን የሆነችውን ክላርኔት ይዞ ተጨመረ። የቆዩ የመንደር ዜማዎችን በተማረ እጅ ሲጫወቷቸው ከተማው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ሠረገላ ነጂው ከሚያመላልሰው ባለጸጋ ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀመጠ፤ አልጋ ወራሹ ሩዶልፍ አድማጫቸው ነበር፤ ዮሐንስ ብራምስና ዮሐን ሽትራውስ አደነቋቸው። ዮሐን በ1893፣ ዮሴፍ በ1895፣ ሁለቱም በ43 ዓመታቸው ሞቱ። ዓይነቱ ሙዚቃ ግን እስከ ዛሬ በእነሱ ስም ይጠራል።

በ1892 መጀመሪያ ላይ መንደሮቹ በሕግ የቪየና ክፍል ሆኑ፤ ግሪንዚንግ፣ ኑስዶርፍ፣ ሃይሊገንሽታትና ዚቨሪንግ ከሌሎች ጋር ተጠቃለው 19ኛው ወረዳ፣ ዴብሊንግ፣ ተባሉ። የግብሩ ወሰን ወደ አዲሱ የከተማ ዳርቻ ተገፋ፤ አሮጌው ግንብ ከ1894 ጀምሮ ፈርሶ የከተማ ባቡርና ሰፊ ጎዳና ሆነ። እንግዲህ ኬላውን አልፎ በርካሽ መጠጣት ቀረ። ሰዉ ይቀራል ብሎ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል፤ ሕዝቡ መውጣቱን አላቆመም። ሁለት ትውልድ ለዋጋው ብሎ የለመደውን ሦስተኛው ትውልድ ለራሱ ለቦታው ሲል ወደደው።

አደጋው አሁን ከውስጥ ሆነ። በ1910 ቪየና ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ ፀሐይ የሚመታው፣ ዳኑብን የሚያይ የኮረብታ ጎን ለቪላ ሠሪ ከወይን ይልቅ ዋጋ ያወጣል። ግንቦት 24 ቀን 1905 የከተማው ምክር ቤት በቪየና ዙሪያ የደንና የመስክ ቀበቶ እንዲከለልና ቤት እንዳይሠራበት ወሰነ። ከንቲባው ካርል ሉዌገር ነበር፤ በአይሁድ ላይ ባሰራጨው ጥላቻ በትክክል የሚወገዝ ፖለቲከኛ። ከዚያ ጥላቻ የተማሩ ሰዎች በኋላ ያደረጉትን ዓለም ያውቃል። ያ ውሳኔ ግን ለሚመጣው ትውልድ የተሰጠ ነበር። በ1907 ደግሞ ከተማው ራሱ ኮቤንትስል የተባለውን ርስት ይዞ ወይን አምራች ሆነ፤ እስካሁንም ነው።

በእነዚህ ዓመታት ወደ ግሪንዚንግ የወጡ ሰዎች ሁሉ ለመጠጥ አልወጡም። ሲግሙንድ ፍሮይድ ስለ ሕልም ያለውን ሐሳብ የከፈተለትን ሕልም በሐምሌ 1895 ያየው ከመንደሩ በላይ በቤልቩ ኮረብታ ባለ ማረፊያ ቤት ነው። የሙዚቃ ደራሲው ጉስታቭ ማህለር ትንሽ ልጁን በግሪንዚንግ መቃብር ቀብሮ ነበር፤ በ1911 ሲሞት በኑዛዜው መሠረት አጠገቧ ተቀበረ፣ በድንጋዩ ላይም ከስሙ በቀር ምንም አልተጻፈም።

ከዚያ ሁለት የዓለም ጦርነቶች አለፉ። የካህለንበርግ ባቡር ከመጀመሪያው ጦርነት በኋላ በከሰል እጦት ቆመና ተነቀለ። በ1930ዎቹ ግሪንዚንግ በዘፈንና በፊልም ገናና ሆነ። ከዘፈኖቹ ደራሲዎች ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩ። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ፍሮይድ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት በጋዎች የሚያርፈው ግሪንዚንግ ነበር። የዴብሊንግ ምኩራብ በዚያው ዓመት በኅዳር ወድሟል። ተወዳጁ የቪየና ዜማ ደራሲ ሄርማን ሌዮፖልዲ ወደ ዳኻው፣ ከዚያ ወደ ቡኽንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዘ፤ ተለቅቆ አሜሪካ ገባና በ1947 ተመለሰ። የግጥም ደራሲው ፍሪትዝ ሌነር ቤዳ ግን በ1942 በአውሽቪትዝ ተገደለ። የሚዘፈነውን ወስዶ ዘፋኙን አሳልፎ የሰጠ ከተማ ነበር፤ የሆይሪገርን ታሪክ በደስታው ብቻ የሚተርክ ሰው ግማሹን ይደብቃል።

ከጦርነቱ በኋላ ቪየና በአራት ኃያላን ስትከፈል ዴብሊንግ በአሜሪካውያን እጅ ሆነ። በ1955 አገሪቱ ነፃነቷን ስታገኝ ቱሪስት መጉረፍ ጀመረ። የአውቶቡስ ጭነት እንግዳ በአንድ ጊዜ ወደ ግሪንዚንግ ይራገፋል፤ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ወጥ ቤቱ ይሰፋል፣ ጠጁም ከሌላ ቦታ ይመጣል። ጸጥታዋ ተፈልጎ የተመጣባት መንደር በጎብኚ ብዛት ጸጥታዋን አጣች። የቪየና ሰው ወደ ኖይሽቲፍት፣ ወደ ማወር፣ ከዳኑብ ማዶ ወደ ሽታመርስዶርፍ ተሻገረ።

ትልቁ ውርደት በ1985 በጋ መጣ። አንዳንድ የኦስትሪያ ነጋዴዎች ርካሽ ወይን ጠጅ ጣፋጭና ወፍራም እንዲመስል ዳይኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል እንደጨመሩበት ተገለጠ። ይህ ለሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚውል ነገር ነው። የኦስትሪያ ወይን ጠጅ የውጭ ገበያ በሳምንታት ውስጥ ተንኮታኮተ። በነገሩ ያልተሳተፈው ትንሽ ገበሬም አብሮ ተቀጣ። መንግሥት በዚያው ዓመት በአውሮፓ ከጥብቆቹ አንዱ የሆነ የወይን ሕግ አወጣ፤ የወላጆቻቸውን እርሻ የተረከቡ ወጣቶችም ብዛትን ትተው ጥራትን ያዙ።

እነዚህ ወጣቶች ያነሡት አሮጌ ነገር ነው። የቪየና ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ማሳ ላይ ብዙ ዓይነት ወይን አደባልቆ ይተክላል፤ አንዱ ዓይነት በጸደይ ውርጭ ቢመታ ሌላው ይተርፋል፤ አንዱ ቢያንስበት ሌላው ይጣፍጣል። ሁሉም በአንድነት ይለቀማል፣ በአንድነት ይጨመቃል። ለብዙ ጊዜ እንደ ድሃ ጠጅ ሲናቅ ቆይቶ በ2006 እንደ ሽታመርስዶርፉ ፍሪትዝ ቪኒንገር ያሉ አምራቾች ማኅበር አቋቁመው አከበሩት። በ2013 በሕግ ስም ተሰጠው፦ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ወይን በአንድ ማሳ ላይ ሊኖርበት ይገባል፤ ከሁሉ የሚበዛው ከግማሽ አይበልጥም፣ ሦስተኛው ከአሥር በመቶ አያንስም። በ2019 የሆይሪገር ባህል በኦስትሪያ የማይዳሰሱ ቅርሶች ብሔራዊ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

የመሬቱ ዋጋ መናሩ አልቆመም፤ በግሪንዚንግ ብዙ የቆዩ ሆይሪገሮች ተዘግተው የመኖሪያ አፓርትመንት ሆነዋል። ስለዚህ ጸጥታውን ፈልጎ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ይህን ነው። በሥራ ቀን ሂዱ። ዲ የተባለውን ትራም ይዛችሁ ኑስዶርፍ መጨረሻው ላይ ውረዱ፤ 1ኛው የከተማ የእግር መንገድ ከዚያ ተነሥቶ ጅረቷን ተከትሎ፣ ወይኑን አቋርጦ ካህለንበርግ ይወጣል። ስትመለሱ የጥድ ቅርንጫፍ የተሰቀለበትን በር ፈልጉ፤ የምትጠጡትን ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ባለቤቱን ጠይቁት። በእጁ ያረሰው ከሆነ በጣቱ ያሳያችኋል።